ተራ ያጣ ዘፋኝ

መርካቶ ውስጥ ተራ የሌለው ዕቃ የለም። ሸማ ተራ አለ። ቦምብ ተራ አለ። ምናለሽ ተራ አለ። ዱባይ ተራ አለ። ያረጀ ጎማ፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ ባዶ ጠርሙስና ጀሪካን ሳይቀሩ የየራሳቸው ስፍራ አላቸው፤ ገዢ ሻጭን ፍለጋ አይንከራተትም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ካመጣው ጊዜ ጀምሮ መርካቶ ያልመዘነው፣ ያልሰፈረው፣ ዋጋ ያልቆረጠለት ነገር ቢኖር ጥቂት ነው። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ነው፤ የራሱን ግጥም ገጥሞ፣ የራሱን ዜማ አውጥቶ፣ ክራሩን ታቅፎ ከሃያና ከሠላሳ ሰው ፊት የሚቀመጥ ዘፋኝ።

«እንዴት ይሆናል? የኢትዮጵያ ዘፈን ትልቁ ገበያ መርካቶ አልነበረም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነበር እንጂ። በካሴት ዘመን የክፍለ ሀገር ነጋዴ ከጨርቁና ከሳሙናው ጋር ካሴቱንም ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ይሳፈር ነበር። ግን ተራ ያገኘው ዘፈኑ ነው፤ ተቀድቶ፣ ታሽጎ፣ በካርቶን የሚቆጠረው ዘፈን። ዘፋኙ ከነትንፋሹ፣ ከነስህተቱ፣ ከነአድማጩ ተራ አላገኘም። ስለ ዘፈን ስንጽፍም የምንመዝነው የታሸገውን ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ጸሐፊ የሚከራከረው የትንሿ ቤት ዘፈን የራሱ ሚዛን ያለው ሙሉ ጥበብ ነው፤ ወደ ትልቅ መድረክ መውጫ መሰላል አድርገን ስናየው እንበድለዋለን ብሎ ነው።

ከሸክላ እስከ ካሴት

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላው ታትሞ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ መጀመሪያ ከህንድ። አምሃ ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አውጥቷል። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ዘፋኝ እንጀራው የምሽት ክበቡ ነበር፤ ሸክላው የክበቡ ማስታወሻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለዚህ ከራሱ ከመርካቶ ልጅ የበለጠ ምስክር የለም። ማሕሙድ አሕመድ በ1933 ዓ.ም. መርካቶ ተወለደ። ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠረገ። ኋላም አሪዞና በተባለው የምሽት ክበብ የተገኘውን ሁሉ እየሠራ ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች እዚያ ሲጫወቱ አንድ ምሽት ዘፋኙ ይቀራል፤ ማሕሙድ ልሞክር ብሎ ይጠይቃል። ከዚያች ምሽት አንስቶ በ2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ እስካቀረበው የስንብት ኮንሰርት ድረስ የተጓዘውን መንገድ አንባቢ ያውቀዋል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልብ እንዲባል እሻለሁ። ያን በር የከፈተለት አሳታሚ አልነበረም፤ ትንሽ መድረክና ቀረብ ብሎ የተቀመጠ አድማጭ ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። ሌሊት በሌለበት አገር የሌሊት ዘፈን አይኖርም። አድማጩ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ካሴቱን ከፈተ። የሸክላውም ዘመን አከተመ። የካሴቱ ሽፋን «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» ይላል። ይህ የሥራ ክፍፍል ስንት ድንቅ ዘፈን እንደሰጠን የሚክድ ጆሮ የሌለው ብቻ ነው። የወሰደብን ነገር ግን አለ። በሦስት እጅ የተሠራ ዘፈን ቃሉ ሲከሽፍ ተጠያቂው ማን ነው? ዘፋኙ «ግጥሙ የኔ አይደለም» ይላል። ገጣሚው «ዜማው አጣቦኝ ነው» ይላል። አቀናባሪው «የሰጡኝን ነው ያጀብኩት» ይላል። በትንሿ ቤት ውስጥ ይህ ማምለጫ የለም። ቃሉን ያወጣው አፍ፣ ዜማውን ያመጣው ጣት፣ የአድማጩን ፊት የሚያየው ዓይን የአንድ ሰው ናቸው።

አንድ ምሽት

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ወደምትገኝ ጠባብ ቤት ይዞኝ ሄደ። የቤቲቱንም የዘፋኙንም ስም አልጠራም፤ ምክንያቴን ወረድ ብዬ እናገራለሁ። ግድግዳ ተከትለው የተደረደሩ ዱካዎች፣ አምስት ስድስት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ አንድ የድምፅ ማጉያ። ልጁ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀን ቀን በአንድ ሱቅ ዕቃ ያወጣል፣ ያገባል፤ ማታ ማታ ክራሩን ከከረጢቱ አውጥቶ ይቀመጣል። ከአዝማሪ ዘር አይደለም፤ ክራር መምታት የለመደውም ከጓደኞቹ ነው።

ሰው የታወቀ ዘፈን ሲያዘው ታዘዘ። ሦስት አራቱን ከተጫወተ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የራሱን ጀመረ። ዘፈኑ ስለ አንድ ተሸካሚ ነው። ሰውየው የሰው አልጋ ተሸክሞ ፎቅ ይወጣል። «እሱ መሬት ላይ ነው የሚተኛው» ብሎ ልጁ አልነገረንም። ደረጃውን ብቻ ቆጠረልን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ፤ በየደረጃው ክራሩ አንድ ክር ከፍ ይላል። ከላይ ሲደርስ ተሸካሚው አልጋውን አስቀምጦ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ላቡን ሲጠርግ ተወው። የቀረውን እኛው ጨረስነው። በዚህ ከተማ ስንት ጊዜ ስለ ድህነት የተዘፈነ ሰምቻለሁ፤ ደረጃ የቆጠረ ግን አልገጠመኝም።

ሁለተኛው አንጓ ላይ ልጁ ወደቀ። ተሸካሚው ከምን እንደመጣች የማትታወቅ ወዳጅ ተሰጠችው። ዓይኗ ተወደሰ፣ ጥርሷ ተወደሰ፣ አንገቷ ተወደሰ። ይህች ልጅ የመርካቶ ልጅ አይደለችም፤ ከካሴት ወደ ካሴት ስትዘዋወር ሠላሳ ዓመት የኖረች ናት። የራሱን ዓይን የያዘ ገጣሚ የሰውን መነጽር ሲውስ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ወዲያው ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ በወሬ ደምቋል። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ይህ ልጅ ዝቅ አደረገው። ክራሩን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ በአንድ ክር ብቻ ቀረ። ወሬኞቹ የራሳቸው ድምፅ ብቻውን ሲጮኽ ሰሙትና አፈሩ፤ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ወደ ደረጃው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ተሸካሚው ባዶ ጀርባውን ይዞ ሲወርድ ነው፤ ቁጥሩም ከላይ ወደ ታች ነው። ይህን ልብ የሚነካ አመላለስ አስቀድሞ አስቦት ይሁን ጸጥታው ያመጣለት ይሁን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሌላ ቀን እንደዚህ አልጨረስኩትም» አለኝ። እንግዲህ ትንሿ ቤት ማለት ይህች ናት። በዚያች ምሽት ዘፈኑን ከጻፉት ሰዎች አንዱ ያ ወሬኛ ጠረጴዛ ነበር።

«ተቀበል!»

አድማጭ የዘፈን ተባባሪ ደራሲ ሲሆን ለኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው «እሺ!» ይላል። እንግዳው ስንኙን በንግግር ይወረውራል፤ አዝማሪው በዜማ አሽቶ ይመልሰዋል። ምሳሌ ትሁነን ብዬ እኔው የቋጠርኳትን ላቅርብ፦

ሸማ ተራ ሄጄ ቦምብ ተራ ብዞር፣
የኔ ተራ ጠፋኝ መርካቶ ስኖር።

ስንኟ ብዙ የምትደነቅ አይደለችም፤ ለአዝማሪው ግን በቂ ናት። ጎበዙ አዝማሪ «ተራ» የምትለዋን ቃል ያያታል። የመጀመሪያውን መስመር እንደ ጠፋ መንገደኛ ያዜመዋል፤ ሸማ ፈላጊ ነው ብለን እንስቃለን። ሁለተኛው ላይ ደርሶ «የኔ ተራ» ሲል ማሲንቆውን ትንሽ ያቆየዋል። እዚያች ዝምታ ውስጥ ተራው የሱቅ ረድፍ መሆኑ ይቀርና ወረፋ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን ቆሞ ያልደረሰው ሰው ነው የሚናገረው። ቃሉ የኔ ነው፤ ወርቁን ያወጣት ግን የሱ ዝምታ ነው። ሰነፉ አዝማሪ ያችኑ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ አውጥቶ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይሄዳል።

ይህ ጥበብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከኛ ይልቅ ጠላት ቶሎ ገብቶት ነበር። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ እንዲያዙና እንዲረሸኑ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ከሟርተኞችና ከጠንቋዮች ጋር እየዞሩ ታሪክ የሚያዜሙና የሚተርኩ ሰዎች ይገኙበታል። ጦር መሣሪያ የላቸውም፤ ጋዜጣ የላቸውም። ያላቸው አንድ አፍና ዙሪያውን የተሰበሰበ ጥቂት ሕዝብ ብቻ ነው። አንድ የፋሺስት ጄኔራል ያን ያህል የፈራውን ነገር እኛ «የመሸታ ቤት ጨዋታ» ብለን ስናቃልለው ሊያሳፍረን ይገባል።

የሽልማት ነገር

የትንሿን ቤት ዘፈን ሳወድስ ነውሩን ልሸፍን አልፈልግም። በዚያችው ምሽት፣ ከተሸካሚው ዘፈን በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ባለገንዘብ ገባ። ልጁ ስሙን ከአስተናጋጇ ጠየቀ። ከዚያ ውዳሴው ጀመረ። ጀግና ተባለ፣ ዘሩ ተቆጠረ፣ እጁ ከዝናብ ጋር ተነጻጸረ። ሰውየው ተነሥቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። የደረጃ ቆጣሪው ገጣሚ ጠፍቶ ነበር። ቁጭ ብዬ አፈርኩ፤ በልጁ ይሁን በሰውየው ይሁን በራሴ ለጊዜው አላወቅሁም።

ቆይቶ ሒሳቡን ሳስበው ግን ገባኝ። ቤቲቱ ለልጁ ደሞዝ አትከፍልም። እኛ በር ላይ አልከፈልንም። ለተሸካሚው ዘፈን ቤቱ በሙሉ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ የሰጠው ጭብጨባ ነው። ለውዳሴው ግን ብር ወጣ። እንግዲያው ልጁን ውዳሴ ያስተማረው ማን ነው? ገበያ የሚከፍልበትን ያመርታል፤ ይህን መርካቶ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ሽልማት ደግ ባህል ነው፤ ደሞዝን ሲተካ ግን ዘፋኙን ለማኝ፣ አድማጩን ጌታ ያደርጋል።

ይህ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ በኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ጊታር የያዙ ወጣቶች በትንንሽ ቡና ቤቶች የራሳቸውን ዘፈን ሲጫወቱ ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ቅርጫት ዞሮ ከሚሰበሰበው ሳንቲም ነበር። ከዚያ ሰፈር ቦብ ዲላን ወጣ፤ ሳይወጡ የቀሩት ግን ይበዛሉ። የኛዋ አስቴር አወቀም አልበሟ እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር ወጥቶ ስሟ ከመናኘቱ በፊት ዋሽንግተን ውስጥ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ትዘፍን ነበር።

ከውዳሴ ውጪ መኖር እንደሚቻልስ ማን አሳየን? እኔን ብትጠይቁኝ አስናቀች ወርቁ እላለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ነበረች፤ ክራሯን ግን ቴአትር አላስጣላትም። አስናቀች ስትዘፍን ለሕዝብ የምትዘፍን አይመስልም፤ ከአጠገቧ ለተቀመጠ ለአንድ ሰው የምታወራ ነው የሚመስለው። ድምፅዋን አታስረዝምም፣ አታስጌጥም። ቃሉን ትለቀዋለች፤ ክራሩ ይመልስላታል። እንደ ስሜቷ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ታቀብጣለች፣ ትወቅሳለች እንጂ አትለማመጥም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ 16ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለሷ ተሰጥቷል፤ ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዲስ አበባ አዝማሪ ቤቶች ለተሰማው ጨዋታ። ሁለቱም ቅጾች የወጡት ፈረንሳይ አገር ነው። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መባቻ አረፈች። የሷን ዘፈን በሚዛን አስቀምጦ የሚተነትን ሂስ በራሳችን ቋንቋ ምን ያህል ጽፈናል? ጥያቄው ለኔም ጭምር ነው።

ስሙን ያልጠራሁበት ምክንያት

አሁን ቃሌን ልፈጽም። ልጁ ሲጨርስ አብረን ሻይ ጠጣን። ከተሸካሚው በፊት የሠራው ሌላ ዘፈን እንደነበረው ነገረኝ። አንድ ምሽት ከእንግዶቹ አንዱ በስልኩ ቀዳው። ከወራት በኋላ አዝማቹን በሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ሰማው። ቃሉ ትንሽ ተቀይሯል፤ ዜማው ያው ነው። ማንን ይክሰስ? ምኑን ይዞ ይሂድ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው ይላል። ልጁ ዘፈኑን የያዘው በጭንቅላቱ ነበር። ግዙፍ ያደረገው የቀዳው ሰው ነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ፣ ስልክ የተነሣ እንደሆነ፣ ልጁ የዘፈኑን ዋና አንጓ ይዘለዋል። እኔም ስሙንና ቤቲቱን ብጽፍ ስልኮች ይበዙበታል ብዬ ፈራሁ። ሂስ ጸሐፊ ያደነቀውን ሰው ስም የሚደብቅበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ቤቶቹ ራሳቸውም እያለቁ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ጠፋ። የአዝማሪ ቤቶች መናኸሪያ የነበረው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ከተማ አይታደስ የሚል የለም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚናፍቅም እኔ አይደለሁም። ግን ፎቅ ሲሠራ ለባንክ፣ ለካፌ፣ ለጂም ቦታ ይታሰባል፤ ሃያ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ሰው የሚያዳምጥበት ክፍል በማን ፕላን ላይ አለ?

አዳራሽ ለሚሠራ ክፍል የማነስ ነገር ኪሳራ ይመስለዋል። ለዚህ ጥበብ ግን ማነሱ መሣሪያው ነው። ደረጃ ቆጣሪው ልጅ አሥር ሺህ ሰው ፊት ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ማንም አይሰማውም፤ ማንም አያፍርም፤ ተሸካሚውም ከፎቁ ሳይወርድ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ከአንባቢ ሦስት ነገር እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ስትገቡ ከሽልማቱ በፊት በር ላይ የሚከፈል ዋጋ ይቆረጥ በሉ፤ የተከፈለው ዘፋኝ ማወደስ ግዴታው አይሆንም። የራሱን ዘፈን ሲጀምር የታወቀውን አትዘዙት፤ ቢወድቅም ይውደቅ፣ አወዳደቁም የሱ ይሁን። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱት። ለልጁ ደግሞ የነገርኩትን እዚህም ልድገመው፤ ዘፈንህን በደብተር ጻፍ፣ ቀን አኑርበት፣ በራስህ ድምፅ ቅዳው። ሕጉ የሚያውቅህ ያን ጊዜ ነው። ያችን ዓይንና ጥርሷን የምትወደስ ልጅም ወደ ካሴቷ መልሳት።

ስንወጣ መንገዱ ላይ ተሸካሚዎች የመጨረሻውን ጭነት ያወርዱ ነበር። ወዳጄ ቆም አለ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምን እንደሚቆጥር አልጠየቅሁትም።